ኮምጣጤን ስለ ትናንቱ ማን ይጠይቀዋል?

 

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ከሳይንስ ክፍል የሚነሳ ነው። ፊዚካዊ ለውጥና ኬሚካዊ ለውጥ የሚባሉትን ሁላችንም ተምረናል። ለፈተና ሸምድደን፣ ፈተናው ሲያልፍ ረስተናቸው ይሆናል። ከትምህርቱ ጀርባ ያለው ጥያቄ ግን በፈተና የሚያልቅ አይደለም። አንድ ነገር «ተለወጠ» የምንለው መቼ ነው? መልኩ ሲለወጥ ነው ወይስ ምንነቱ? ጥያቄውን ከዕቃ ወደ ሰው ስናመጣው ደግሞ ይከብዳል። «ተውበት አድርጌያለሁ፣ ተለውጫለሁ» የሚለውን ወንድማችንን በምን እንለካዋለን? ራሳችንንስ?

ከቡናው እንጀምር። ጥሬው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በጀበና ይፈላል፣ ስኳር ይጨመርበትና ይጠጣል። ከእነዚህ ሁሉ ቡናውን ሌላ ነገር ያደረገው የትኛው ነው? ማጠቡ አይደለም፤ የወሰደው አቧራውን ነው። መውቀጡም አይደለም፤ ዱቄቱ ያው የተቆላው ቡና ነው፣ ደቀቀ እንጂ። ስኳሩም ሲኒ ውስጥ ሲሟሟ ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም፤ እያንዳንዱ ጉንጭ ስለ መኖሩ ይመሰክራል።

ቡናውን የለወጠው መቆላቱ ነው። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ በጥሬው ፍሬ ውስጥ ያሉት ስኳሮችና የፕሮቲን ክፍሎች እርስ በርስ ይዋሃዳሉ፤ ቀድሞ ያልነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውህዶች ይገኛሉ። ቤቱን የሚያውደው ሽታ በጥሬው ውስጥ ተደብቆ የነበረ አይደለም። እዚያው ምጣዱ ላይ የተገኘ ነው።

ልዩነቱ ይኸው ነው። በፊዚካዊ ለውጥ ቅርጹ፣ መጠኑ ወይም ሁኔታው ይቀየራል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። በረዶ ቀልጦ ውሃ፣ ውሃ ሞቆ እንፋሎት ቢሆን ሦስቱም ውሃ ናቸው። በኬሚካዊ ለውጥ ግን አቶሞቹ የነበራቸውን ትስስር ትተው ሌላ ትስስር ይይዛሉ፤ በዚህም ሌላ ባሕርይ ያለው ሌላ ነገር ይገኛል።

ትርጉሙ ቀላል ነው። የሚከብደው መለየቱ ነው፤ ምክንያቱም ዓይናችን ይሸወዳል።

መምህሮቻችን ኬሚካዊ ለውጥን በምልክቶቹ እንድናውቀው ነግረውናል፤ ቀለም መቀየር፣ አዲስ ሽታ፣ አረፋ፣ ሙቀት። ምልክት ግን ምልክት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃ ሲፈላ አረፋ ያወጣል። የጤፍ ሊጥም ሲቦካ አረፋ ያወጣል። ሁለቱም አረፋ ነው። በውሃው አረፋ ውስጥ ያለው ራሱ ውሃ ነው፣ በእንፋሎት መልክ። በሊጡ አረፋ ውስጥ ያለው ግን እርሾው የዱቄቱን ስኳር ሲለውጥ የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ለእንጀራው ዓይን የሚያወጣለትም እሱ ነው። ምልክቱ አንድ ሆኖ እውነቱ ሁለት ሆነ።

ሌላም ምሳሌ ከእናቶቻችን ጓዳ አለ። ወተት በቅል ወይም በእንስራ ተቀምጦ ያድራል፤ ማንም አይነካውም፣ ድምፅም የለም። ሲነጋ እርጎ ሆኗል። ከዚያ መናጥ ይጀመራል። ቅሉ ይናጣል፣ ክንድ ይደክማል፣ ድምፁ ጎረቤት ይሰማል፣ በመጨረሻም ቅቤ ይወጣል። የትኛው ነው ኬሚካዊው ለውጥ? ዝምተኛው! ሌሊቱን ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለውጡት አድረዋል። የመናጡ ሥራ ግን ቀድሞውኑ በወተቱ ውስጥ የነበረውን ስብ አንድ ላይ ሰበሰበው እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም። ሱብሃነላህ! ጫጫታው መሰብሰብ ሆነ፣ ዝምታው መለወጥ።

ይህን የማየት ጥበብ ለሊቃውንቶቻችን አዲስ አልነበረም። ኢብን ሲና (980–1037) «ኪታቡ ሺፋእ» በተባለው ትልቅ ሥራው ውስጥ በዘመኑ እርካሽ ብረትን ወርቅ እናደርጋለን የሚሉ ሰዎችን ተችቷል። ሐሳቡ በአጭሩ፣ እነዚህ ሰዎች ወርቅ የሚመስል ነገር መሥራት፣ ቀለሙንም አሳምረው መቀባት ይችሉ ይሆናል፤ ምንነቱን ግን አልቀየሩትም የሚል ነው። ቀለም ሌላ፣ ምንነት ሌላ።

የፊቅህ ሊቃውንትም ጥያቄውን በሌላ በር ገብተውበታል። «ኢስቲሓላ» ይሉታል፤ አንድ ነገር ከነበረበት ምንነት ወጥቶ ሌላ ነገር መሆኑን። ነጃሳ የነበረ ነገር ሌላ ነገር ሲሆን ብይኑም አብሮ ይለወጣል ወይ?

በጣም የታወቀው ምሳሌ የኸምር ነው። የወይን ጭማቂ ሲቆይ አልኮል ይሆናል፤ ሐራም ነው። እዚያው ገንቦ ውስጥ ሌላ ጊዜ ሲያልፍበት ደግሞ ባክቴሪያዎች በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን አማካይነት አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ ይለውጡታል። ኮምጣጤ፣ በገበያ ስሙ አቼቶ፣ ይሆናል። ቀለሙ ብዙም ላይቀየር ይችላል፤ ገንቦውም ያው ነው። ዑለማዎች ግን ኸምሩ በራሱ ጊዜ ኮምጣጤ ከሆነ ንጹህና ሐላል ነው ብለዋል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኮምጣጤን መልካም ማባያ ብለው ማወደሳቸውም በሐዲስ ተዘግቧል።

ከዚህ ወዲያ ግን ልዩነት አላቸው። ሆን ተብሎ አንድ ነገር ተጨምሮበት ኮምጣጤ የተደረገውን ሻፊዒዮች አይቀበሉትም፤ ሐነፊዮች ይቀበሉታል። ሐነፊዮች ኢስቲሓላን አስፍተው ያዩታል። በኪታቦቻቸው ውስጥ አህያ የጨው ማዕድን ውስጥ ወድቃ ጨው ብትሆን ምን ይባላል የሚል ምሳሌ አለ፤ ከመካከላቸው «አሁን ጨው ከሆነች ጨው ናት» ያሉ አሉ። የዛሬ ኬሚስት በምሳሌው ላይ ሊከራከር ይችላል። ጥያቄው ግን ልክ የእርሱ ጥያቄ ነው። «ምን ነበር?» ሳይሆን «አሁን ምንድን ነው?»

በዘመናችንም ከረሜላና የመድኃኒት ክኒን ሽፋን ውስጥ ባለው ጀላቲን ላይ ዑለማዎች የተለያዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ከአሳማ የተወሰደው ሲሠራ በእርግጥ ሌላ ነገር ሆኗል ወይስ ያው ነገር ተፈጭቶና ተፍቆ ቀርቧል? ለብይኑ የምታምኗቸውን ዑለማዎች ጠይቁ። እኛ የምንፈልገው ከጥያቄው ትምህርት መውሰድ ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ።

ውሃ የያዘውን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል። ብርጭቆ ውስጥ ብርጭቆ ይመስላል፣ ጀበና ውስጥ ጀበና። ብዙዎቻችን በረመዳን የረመዳንን ቅርጽ እንይዛለን፣ በሰርግ የሰርጉን፣ በጓደኛ መሐል የጓደኛውን። ዒድ አልፎ ሳምንት ሳይሞላው ወደ ነበርንበት ስንመለስ «ኢማኔ ወረደ» እንላለን። ምናልባት ዕቃው ነው የተቀየረው። ቅርጹ የዕቃው ነበር እንጂ የእኛ አልነበረም።

ታዲያ በምን እንወቅ? የወርቅ አንጥረኛው ይንገረን። ወርቅና ነሐስ ሲያብረቀርቁ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። እሳት ውስጥ ሲገቡ ግን የነሐሱ ገጽ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይጠቁራል፤ ወርቁ አይጠቁርም። የዐረብኛ ቋንቋ ሊቃውንት «ፊትና» የሚለውን ቃል ሥር ሲያብራሩ፣ ወርቅን እሳት ውስጥ ከትቶ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ነው ይላሉ። ስለዚህ የራሳችንን ለውጥ በሙቀቱ ሰዓት እንየው። ስንናደድ ከአፋችን ምን ይወጣል? የሰው ገንዘብ እጃችን ላይ ሲቀር ምን እናደርጋለን? ስልካችንን ይዘን ብቻችንን ስንሆንስ? ቀለማችንን ሰው ያያል። ምንነታችን የሚታየው እዚያ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወጣት ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ውጫዊው ነገር ዋጋ የለውም፤ ዋናው ልብ ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። የጤፍ ፍሬ እንዳለ ውሃ ውስጥ ቢነከርና እርሾ ቢጨመርበት እንደ ዱቄቱ አይቦካም። መጀመሪያ ወፍጮ ይገባል። መፈጨቱ ፊዚካዊ ለውጥ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ፍሬውን ከፍቶ፣ ገጹን አብዝቶ፣ ውሃውና እርሾው እንዲደርሱበት ያደርጋል። መስጂድ መመላለስ፣ አለባበስን ማስተካከል፣ ጓደኛ መቀየር፣ ከመጥፎ ቦታ መራቅ ወፍጮው ነው። ያለ እሱ አይቦካም። ነገር ግን ተፈጭቶ ጆንያ ውስጥ የተቀመጠ ዱቄት ዓመት ቢቆይ እንጀራ አይሆንም። ወፍጮ ቤቱን የመጨረሻ ጣቢያ ያደረገ ሰው ያሳዝናል፤ ወፍጮ ቤቱን የናቀ ሰውም ይራባል።

ሌላም አሳሳቢ ጥያቄ አለ። «በእርግጥ ከተለወጥኩ እኔነቴ ይጠፋል ወይ?» ብሎ የሚፈራ ወጣት ብዙ ነው። ቀልዴ፣ ኃይሌ፣ ችሎታዬ ሁሉ ይቀራል ብሎ ይሰጋል። ኬሚስትሪ የሚመልሰው ደስ ይላል። በኬሚካዊ ለውጥ አንድም አቶም አይጠፋም፣ አንድም አይጨመርም። የሚቀየረው ትስስሩ ነው።

ኻሊድ ኢብኑል ወሊድን (ረ.ዐ) አስቡ። በኡሑድ ጊዜ የመካ ፈረሰኞች መሪ ነበሩ፤ ቀስተኞቹ ከኮረብታው ሲወርዱ ክፍተቱን አይተው ከኋላ ዞረው በሙስሊሞች ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሱት እሳቸው ናቸው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ደግሞ ሰለሙ። በዚያው ዓመት በሙእታ ዘይድ፣ ጃዕፈርና ዐብዱላህ ኢብኑ ረዋሓ (ረ.ዐ) ተራ በተራ ሲሰዉ ባንዲራውን አንስተው ሠራዊቱን ከጥፋት ያወጡት እሳቸው ናቸው። ጃዕፈር እኛው አገር ነጃሺ ፊት ቆመው የተናገሩት ጃዕፈር ናቸው። ኻሊድ በኡሑድ የነበራቸው ዓይን በሙእታም ነበራቸው። ፍጥነታቸው ያው ነው፣ ድፍረታቸው ያው ነው። የተቀየረው ልባቸው የታሰረበት ነገር ነው። ያ ስጦታ ትናንት ያቆስል ነበር፤ ኋላ ግን «የአላህ ሰይፍ» አስባላቸው።

እስካሁን ስለ ራሳችን ነበር። አሁን ስለ ሌላው ሰው እንነጋገር፤ ብዙ ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነውና።

በየሰፈራችን ከሱስ የወጣ፣ ከእስር የተፈታ፣ ከመጥፎ ጓደኛ የተላቀቀ ወንድም አለ። ትናንት በሌላ ሕይወት የምናውቃት፣ ዛሬ ሒጃቧን ለብሳ ደርስ የምትቀመጥ እህት አለች። እኛ ግን የድሮ ስሙን አንለቅም። የድሮ ፎቶዋን ስልካችን ላይ አስቀምጠን ለሰው እናሳያለን። የመስጂዱ የመጀመሪያ ሰፍ ላይ ሲቆም «እሱ ነው እንዴ?» ብለን እንተያያለን። ስንቱ ነው በዚህች እይታ ብቻ ወደ መጣበት የተመለሰ!

እስቲ እናስብ። ሰላጣው ላይ ኮምጣጤ ስናደርግ «አንተ ትናንት ምን ነበርክ?» ብለን እንጠይቀዋለን? በጣም ጥንቁቅ የሆኑት ፉቀሃዎች እንኳ በራሱ ጊዜ የተለወጠውን ኮምጣጤ በትናንቱ አልያዙትም። እንዲያውም በሻፊዒዮች ፊቅህ አንድ የሚያምር ነጥብ አለ። ኸምሩ ኮምጣጤ ሲሆን የያዘው ገንቦም አብሮት ንጹህ ይሆናል። ገንቦው ከነጃሳው ጋር ስንት ጊዜ ቆይቷል! ግን ገንቦው ነጃሳ ነው ከተባለ ኮምጣጤው መልሶ ሊነጀስ ነው፤ የትም መድረስ አይችልም። የተመለሰ ሰውም ገንቦ ያስፈልገዋል። ቤተሰቡ፣ ሰፈሩ፣ ጀማዓው አብረው ካልተቀየሩለት የት ይቀመጥ?

ለፈሳሽ የሰጠነውን ፍትሕ ለሰው ልጅ መንፈግ እንዴት ይሆናል?

ይህ ማለት ግን ትናንት አልነበረም ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ላቮዚዬ በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ በለውጥ ውስጥ ክብደት እንደማይጠፋ አስረግጧል። እንጨት ነዶ እፍኝ አመድ ሲሆን የቀረው የጠፋ ይመስላል፤ ግን ጢስና ጋዝ ሆኖ አየሩ ውስጥ አለ። የሰው ሐቅም እንደዚያው ነው። የተወሰደ ገንዘብ፣ የተነካ ክብር፣ የተጎዳ ሰው እኛ ስለተለወጥን ብቻ አይጠፋም፤ ሄደን እንመልሳለን፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። የተበደለውም ሐቁን መጠየቁ ተውበትን መካድ አይደለም። ተበዳይ ሐቁን መጠየቁና ተመልካች ማሾፉ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አብዛኞቻችን ደግሞ ተመልካቾች ነን።

ሰው ኮምጣጤ እንዳልሆነም አንርሳ። ኮምጣጤ ተመልሶ ወይን ጠጅ አይሆንም፤ ሰው ግን ምርጫ አለው። በትምህርት ቤት «ፊዚካዊ ለውጥ ይመለሳል፣ ኬሚካዊ ለውጥ አይመለስም» ተብለናል። ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ሁልጊዜ ግን አይሠራም። የተሰበረ ብርጭቆ ፊዚካዊ ለውጥ ነው፤ ማን ይመልሰዋል? ኪሳችን ውስጥ ያለው የስልክ ባትሪ ደግሞ ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ቀን ስንጠቀምበት በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ማታ ቻርጅ ስናደርገው ይመለሳል። የእኛ ልብ ለባትሪው ይቀርባል። በቀን አምስት ጊዜ የምንጠራው በከንቱ አይደለም። «አንዴ ተለውጫለሁ» ብሎ ቻርጀሩን የጣለ ሰው ማታ ላይ ስልኩ ቢጠፋበት አይደነቅ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሚዛኑን አናገላብጠው። ብዙ ጊዜ ለራሳችን በምልክት እንረካለን፣ ከሌላው ግን ማረጋገጫ እንጠይቃለን። የእኛ አረፋ የመለወጥ ምስክር፣ የእነሱ አረፋ የፈላ ውሃ ብቻ ይመስለናል። የሌላውን ሰው ልብ የሚመረምር ላቦራቶሪ ግን የለንም። ውስጡን የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ) ብቻ ነው። ከሰው የምናየው ምልክቱን ነው፤ በምልክቱ መልካም እንጠርጥር። ከራሳችን የምናየው ግን ከምልክት በላይ ነው፤ ስለዚህ ከምልክት በላይ እንጠይቅ።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ይኑረን። ተመልሶ ሳለ በድሮ ስሙ የምንጠራውን አንድ ሰው እናስታውስ። ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በአሁኑ ስሙ እንጥራው፣ ሰላም እንበለው፣ ከጎናችን እናስቀምጠው። ስልካችን ላይ የቀረ የድሮ ፎቶ ካለም እናጥፋው።

ያ አላህ፣ ቀለማችንን ብቻ ሳይሆን ምንነታችንን አሳምርልን። ሰው ሳያየን በሌሊቱ ዝምታ ልባችንን ለውጥልን። ወደ አንተ ለተመለሱት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ንጹህ ገንቦ አድርገን። የሰው ሐቅ ያለብንንም ሳንሞት የምንመልስ አድርገን። ኣሚን።

መልካም ጁሙዓ።